ከ‹ዞል› በፊት ያለው ድምፅ

ቅንጣቷ ጥቁር ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነች ባክቴሪያ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በሶባ ሆስፒታል በነበረው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል የአንድ ገበሬ እግር ዕጣ መወሰን የሚጀምረው ከእነዚህ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነበር።

ማይሴቶማ የሚባለው ይህ በሽታ በእኛም አገር አለ፤ የሕክምና ሰዎች ‹የማዱራ እግር› ይሉታል። በባዶ እግሩ ከብት የሚጠብቅ ወይም ማሳ የሚያርም ሰው እሾህ ይወጋዋል። የተወጋው ቦታ ያለ ሕመም ቀስ እያለ ያብጣል። ወራት አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ ቆዳው እዚህም እዚያም እየተበሳ መግል ያወጣል፤ ከመግሉ ጋር ቅንጣቶቹ ይወርዳሉ። ሕመም ስለሌለው ሰውየው ሥራውን አያቋርጥም፣ ሐኪም ቤትም አይሄድም። በሄደበት ቀን ብዙውን ጊዜ በሽታው አጥንት ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ በአንድ ዓይነት እብጠት ውስጥ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይኖራሉ። ዩማይሴቶማ የሚባለውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይታከልበታል። አክቲኖማይሴቶማ የሚባለውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ለዚህ ኮትሪሞክሳዞልና አሚካሲን ይሰጣል። ሁለተኛው በመድኃኒት ብቻ በደንብ ይድናል። የመጀመሪያው ግን ግትር ነው፤ ብዙ ሰው እግሩን ያጣበት እሱ ነው። ኢትራኮናዞልና ኮትሪሞክሳዞል። ሁለቱም በ‹ዞል› ያልቃሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን በሽታ አይነካም። ይህን ልዩነት የሚሸከመው ከ‹ዞል› በፊት ያለው ድምፅ ነው፤ ስለዚያ ድምፅ አሠራር በአድናቆት መናገር እፈልጋለሁ። በጥንቃቄ የተሠራ የመድኃኒት ስም ውስጥ እያንዳንዷ ክፍለ ቃል ታስቦባት የተቀመጠች ናት።

ከስም በፊት ግን መለየት ይቀድማል፤ መለየት ደግሞ የካርቱም የቆየ ሙያ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም የሐሩር አካባቢ ምርምር ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። እዚያ ይሠሩ የነበሩት አልበርት ቻልመርስና ሮበርት አርቺባልድ እ.ኤ.አ. በ1918 የማይሴቶማን ዓይነቶች በሁለት ጎራ የሚከፍል ጽሑፍ አወጡ። ፈረንሳዊው ፒኖይ በ1913 የጠቆመውን ይዘው፣ እውነተኛ ፈንገስ የሆኑትን በአንድ ወገን፣ ፈንገስ የሚመስሉትን ክር አብቃይ ባክቴሪያዎች በሌላ ወገን አደረጓቸው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚያመነጨውን ሻጋታ ያየው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ሲለዩ፣ አንዱንም ሆነ ሌላውን ጎራ የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረም። መለየቱ በጊዜው ለታካሚው ምንም አልጠቀመውም። እነሱ ግን የዓይናቸውን ሥራ በትክክል ሠርተው አስቀመጡት፤ መድኃኒቶቹ ሲመጡ የሚቀመጡበት ቦታ ተዘጋጅቶ ቆያቸው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ1956 ፒተር አቦት የተባለ ሐኪም በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ብቻ 1,231 የማይሴቶማ ታካሚዎች በሱዳን ሆስፒታሎች መተኛታቸውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሱዳናዊው ኤል-ሼኽ ማህጁብ በሽታውን የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው፤ በ1973 ከኢያን መሪ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ዘርፉን መልክ አስያዘ። ቀዶ ሐኪሙ አህመድ ሐሰን ፋሃል ደግሞ በ1991 ማዕከሉን አቋቋመ። በማዕከሉ መዝገብ የሰፈሩት ታካሚዎች ከ10,000 በላይ ሆኑ።

የማዕከሉን ሙያ ለማየት ቅንጣቷን ተከትሎ መሄድ ይበቃል። የአልትራሳውንዱ መፈተሻ እብጠቱ ላይ ሲያርፍ፣ የፈንገሱ ቅንጣቶች በስክሪኑ ላይ ደማቅና ስለታም ነጥቦች ሆነው ይበተናሉ። የባክቴሪያው ቅንጣቶች ግን ደቃቅና የተጠጋጉ ናቸው፤ በመግሉ ጉድጓድ ግርጌ ዘቅጠው ይታያሉ። ይህን ልዩነት በ1990ዎቹ አጥንተው የጻፉት የካርቱም ሐኪሞች ናቸው። ቀጥሎ ቅንጣቷ በስሱ ተቆርጣ፣ በቀለም ተነክራ ማይክሮስኮፕ ሥር ትገባለች። የፈንገሱ ክር ውፍረቱ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ይደርሳል፤ የባክቴሪያው ክር ከ1 ማይክሮን ይቀጥናል። የለመደ ዓይን ከዚህም ያልፋል። ቀይ ቅንጣት ያላት አክቲኖማዱራ ፔሌቲየሪ ቀለሙን ጠጥታ ድፍን ወይን ጠጅ ትሆናለች። አክቲኖማዱራ ማዱሬ ዳርዋ ብቻ ጠቁሮ መሐሏ ፈዘዝ ይላል። ቢጫዋ ስትሬፕቶማይሲስ ሶማሊየንሲስ ደግሞ ቀለም ብዙም አትቀበልም፤ ገርጥታ ትቀራለች። ነጣ ያለ ቅንጣት ሲመጣ ከሁለቱም ጎራ ሊሆን ስለሚችል ዓይን ብቻውን አይታመንም። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ ቀለሙን አይቶ መድኃኒት የማያዘው።

እዚህ ላይ ቢጫዋን ቅንጣት ትንሽ ማቆየት እፈልጋለሁ። ስትሬፕቶማይሲስ የሚለው የወገን ስም የወጣው በ1943 ነው፤ ያወጡት ሴልማን ዋክስማንና አርተር ሄንሪቺ ናቸው። በዚያው ዓመት በዋክስማን ቤተ ሙከራ ወጣቱ አልበርት ሻትስ ከዚሁ ወገን ከሆነ የአፈር ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳን የረታ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ይህ ነው። ማህጁብ በካርቱም የባክቴሪያውን ማይሴቶማ ያክም የነበረው በዚሁ በስትሬፕቶማይሲን ነው፤ ከዳፕሶን ወይም ከኮትሪሞክሳዞል ጋር ያጣምረው ነበር። ስለዚህ በሱዳናዊው ገበሬ እግር ውስጥ ቢጫ ቅንጣት ሠርቶ የተቀመጠውን ስትሬፕቶማይሲስ ያጠፋው፣ ከሌላ ስትሬፕቶማይሲስ የተወሰደ ነገር ነው። በሽታውና መድኃኒቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዝምድናቸውም በስማቸው ላይ ተጽፏል።

የሱዳን ምድር ከስትሬፕቶማይሲስ ወገን ጋር ያለው ትውውቅ ደግሞ የጥንት ነው። በ1980 ዴብራ ማርቲንና ጆርጅ አርሜላጎስ ያሉበት ቡድን፣ ከዋዲ ሐልፋ አካባቢ በቁፋሮ የወጣ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነው የኑብያ ሰው አጥንት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ወደ ቢጫ እያደላ እንደሚያበራ ጻፈ። እንዲህ የሚያበራው ስትሬፕቶማይሲስ የሚያመነጨው ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ነው፤ አጥንት እያደገ ሳለ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በ2010 አጥንቱ በኬሚካል መንገድ ተመርምሮ ነገሩ ጸና። ተመራማሪዎቹ ምንጩ ከእህል የተጠመቀ መጠጥ ነው ይላሉ፤ በእህሉ ላይ ስትሬፕቶማይሲስ አድጎ ነበር ማለት ነው። ቴትራሳይክሊን ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው፤ አራት የተያያዙ ቀለበቶች አሉት። ዶክሲሳይክሊንም ሚኖሳይክሊንም በዚያው ‹ሳይክሊን› ይጠራሉ።

አሁን ወደ ስሞቹ አሠራር ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒቶች ዓለም አቀፍ የጋራ ስም የማውጣት ሥራ የጀመረው በ1950 በወጣ ውሳኔ ነው፤ የመጀመሪያው ዝርዝር በ1953 ታተመ። መድኃኒቱን የሠራው ኩባንያ የራሱን የንግድ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ የጋራው ስም ግን የማንም ንብረት አይደለም። ስሙ የሚወጣው በባለሙያዎች ጉባኤ ሲሆን፣ መጀመሪያ ‹የታሰበ› ተብሎ ይታወጃል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው በ4 ወር ውስጥ ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ይጸናል። በላቲን፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በሩስኛ፣ በዐረብኛና በቻይንኛ ይወጣል። ለካርቱም ሐኪም ዐረብኛው መካተቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሥራው ውበት ያለው ስሙ የሚያልቅበት ወይም የሚጀምርበት ቁራጭ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠ መሆኑ ላይ ነው። ገብረ ሥላሴን፣ ኃይለ ሥላሴን፣ ወለተ ሥላሴን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መጨረሻው አንድ ነው፣ ሰውን የሚለየው ፊተኛው ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን በ‹ሲሊን› ይገናኛሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን በ‹ፍሎክሳሲን› ይገናኛሉ። ሴፍትሪያክሶን፣ ሴፋሌክሲን፣ ሴፊክሲም ደግሞ ቤተሰባቸውን በፊት ለፊታቸው ‹ሴፍ› ብለው ያስታውቃሉ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ነርሷ ‹ሲሊን› የሚል ድምፅ ስትሰማ እጇ ይቆማል። መድኃኒቱን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅ ይሆናል፤ ድምፁ ግን በቂ ነው። ይህን ጥበቃ የንግድ ስም ያጠፋዋል። ኦግሜንቲን የሚለው ስም ውስጥ አሞክሳሲሊን አለ፤ ‹ሲሊን› ግን አይሰማም። እንዲያውም የዓለም ጤና ጉባኤ በ1993 ኩባንያዎች የቤተሰብ መለያዎቹን ለንግድ ስም መሥሪያ እንዳያደርጉ ያሳሰበው መለያው ዋጋ እንዳያጣ ነው።

በካርቱም፣ በዴም ወይም በጅሬፍ ሰፈር የኖረ ሐበሻ የጋራው ስም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በደንብ ይገባዋል። ካርቱም ሰይደሊያ የሚሉት መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ አዲስ አበባ የለመደውን የካርቶን ቀለም ወይም የንግድ ስም ቢጠራ ላይገኝለት ይችላል። ሜትሮኒዳዞል ካለ ግን ባለመድኃኒቱም እሱም አንድ ነገር ነው የሚያስቡት፤ የሁለቱ የጋራ ቋንቋ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ስም አውጪዎቹ የጻፉት የፊደል ደንብ የሰፊ ልብ ሥራ ነው። በላቲን ፊደል ‹ኤፍ› በቂ ሲሆን ‹ፒ ኤች› አይጻፍ፤ ‹ቲ› እያለ ‹ቲ ኤች› አይጻፍ፤ ከ‹ዋይ› ይልቅ ‹አይ› ይመረጥ፤ ‹ኤች› እና ‹ኬ› በተቻለ መጠን ይቅሩ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስሙ ከሞስኮ እስከ ቤጂንግ፣ ከሊማ እስከ ካርቱም በብዙ አንደበት ሳይሰበር ማለፍ አለበት። ከዚህም ሌላ ስሙ ለታካሚው በሽታውን ወይም የታመመውን የአካል ክፍል እንዳይነግረው ይጠነቀቃሉ፤ ካርቶኑን የሚያይ ጎረቤት የሰውየውን ሕመም እንዳያነብ ማለት ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ይህን ያህል ማሰባቸው ክብር ይገባዋል።

ሁሉም ግን እኩል አልተሠራም፤ የአንዳንድ ስሞች ስፌት ይታያል። ‹ማይሲን› የሚለው መጨረሻ መድኃኒቱ ከስትሬፕቶማይሲስ ወገን መምጣቱን እንጂ ቤተሰቡን አይናገርም። ስትሬፕቶማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ቫንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን አንድ ጭራ ይዘው አራት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው፤ የሚሠሩትም የሚጎዱትም ለየቅል ነው። ጀንታማይሲን ደግሞ ከሌላ የባክቴሪያ ወገን፣ ከማይክሮሞኖስፖራ ስለተገኘ በላቲን ሲጻፍ በ‹ዋይ› ፋንታ ‹አይ› ተሰጠው። በአንድ ፊደል የተሠራ ረቂቅ ልዩነት ነው። በአማርኛም በዐረብኛም ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ ልዩነቱ ድንበር ሲሻገር ይጠፋል። የተሻለ የተሠራው አሚካሲን ነው። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተገኘው ካናማይሲን የተወለደ መሆኑን ‹ካሲን› በምትለው መጨረሻ ይናገራል፤ እናቱንም ቤተሰቡንም አንድ ላይ ይነግርሃል። ሐኪሙ ‹ካሲን› ሲሰማ ኩላሊትና የመስማት ኃይል መጠበቅ እንዳለባቸው ያውቃል። በአክቲኖማይሴቶማ ሕክምና አሚካሲን ለሦስት ሳምንት ተሰጥቶ፣ ኮትሪሞክሳዞሉ ሲቀጥል እሱ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

አሁን ‹ዞል› ጋ ደረስን። ‹አዞል› ራሱ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ናይትሮጅን ያለበትን የአንድ ኬሚካል ቀለበት ያመለክታል። ቀለበቱ ደግሞ በብዙ ዓይነት መድኃኒት ውስጥ አለ። እኛ አገር በማንኛውም መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉትን እንይ። አልቤንዳዞል ለትላትል ነው። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና አየር ለማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ነው። ኦሜፕራዞል ለጨጓራ አሲድ ነው። ኢትራኮናዞል ለፈንገስ ነው። ሁሉንም ‹ዞል› ብሎ የሚሰማ ሰው አንዱን በሌላው ቢተካ አይደንቅም። ሥራው ያለው ከ‹ዞል› በፊት ነው፤ ‹ቤንዳ›፣ ‹ኒዳ›፣ ‹ፕራ›፣ ‹ኮና›። በግዕዝ ፊደላችን ሲጻፉ ሁለት ሦስት ፊደል ናቸው፤ ትሉን ከአሜባው፣ ጨጓራውን ከፈንገሱ የሚለዩት እነሱ ናቸው። ‹ኮናዞል› የሚል ሁሉ ከፈንገስ ግድግዳ ሥር ያለውን ሽፋን የሚያጸናውን ኤርጎስተሮል የተባለ ቅባት እንዳይሠራ ያግዳል። ባክቴሪያ ኤርጎስተሮል የለውም። ስለዚህ ቢጫ ቅንጣት ላለው ሰው ኢትራኮናዞል ቢሰጥ፣ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ኮትሪሞክሳዞል ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ የተሰፋ ስም ነው፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉ ደካማው እሱ ነው። በውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ፤ ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም፣ 5 እጅ ለ1 እጅ። እያንዳንዳቸው በራሳቸው በጥሩ ሁኔታ የተሰየሙ ናቸው፤ አንዱ በፊቱ ‹ሰልፋ› ይላል፣ ሌላው በመጨረሻው ‹ፕሪም› ይላል። ባክቴሪያው ፎሌት ለመሥራት ከሚያልፍባቸው ደረጃዎች አንዱን ሰልፋው ይዘጋል፣ ቀጥሎ ያለውን ትራይሜቶፕሪሙ ይዘጋል፤ ጥምረቱ ራሱ ግሩም ነው። ብሪታንያውያን ሁለቱን በአንድ ስም ሲያጠሩ ከፊት ‹ኮ› አኖሩ፤ ‹ኮ› ጥምር መሆኑን ትናገራለች። ነገር ግን ‹ሰልፋ› ተቆርጣ ወደቀች፣ ‹ፕሪም›ም ወደቀች፤ የቀረው ‹ትሪም› እና ‹ኦክሳዞል› ነው። ሰልፋ የማይስማማው ሰው ስሙን ሰምቶ የሚጠነቀቅበት ምልክት የለም፤ ‹ዞል›ን ብቻ የያዘ ጆሮ ደግሞ ከፈንገስ መድኃኒቶች ጋር ሊያሰልፈው ይችላል። ማይሴቶማ ባለበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በእኔ ዓይን በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ ያማረው ስም ፎስራቩኮናዞል ነው። ረዥም ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ይነበባል። ‹ኮናዞል› ፈንገስ ነው ይላል። ‹ራቩ› ይህን አንዱን ከወንድሞቹ ይለየዋል። ‹ፎስ› ደግሞ ፎስፎረስ ያለበት ጓዝ እንደተጨመረለት ይናገራል፤ ጓዙ መድኃኒቱን ወደ ሰውነት በደንብ ያስገባና እዚያ ይራገፋል። የጃፓኑ ኤይሳይ ኩባንያ የሠራው ይህ መድኃኒት በ2017 በካርቱሙ ማዕከል ከኢትራኮናዞል ጋር መወዳደር ጀመረ። 104 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ ለዩማይሴቶማ በዓለም ላይ የመጀመሪያው፣ ታካሚውም ሐኪሙም የቱ መድኃኒት እንደተሰጠ ሳያውቁ የተካሄደ ሙከራ ነበር።

በኤፕሪል 2023፣ በእኛ ሚያዝያ 2015፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በ2025 ፋሃል ማዕከሉ እንደወደመ፣ ከ40 ዓመት በላይ መረጃ የያዘው የናሙና ክምችትም ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ለዓለም ተናገረ። ከስንት ሰው እግር የወጡ ጥቁር፣ ቢጫና ቀይ ቅንጣቶች እዚያ ነበሩ። ኪሳራው የሱዳን ብቻ አይደለም፤ በሽታው በእኛም ቆላማ አካባቢዎች አለና የእኛም ነው።

የሙከራው ውጤት በ2024፣ ጦርነቱ እየነደደ ሳለ ታተመ። ፎስራቩኮናዞል ከኢትራኮናዞል እንደሚበልጥ አላሳየም። ኢትራኮናዞል ግን በየቀኑ፣ ያውም ከምግብ ጋር፣ ለወራት ይዋጣል፤ ፎስራቩኮናዞል በሳምንት አንዴ ይዋጣል፣ ምግብም አይጠብቅም። በሱዳን ሰናር ገጠር ለሚኖር፣ በየቀኑ የሚበላው እርግጠኛ ላልሆነ ገበሬ ሕክምናውን መጨረስና አቋርጦ መቅረት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።